የፈረንሳይን ቀይ ወይን ጠጅ በሚገባው ዋጋ ስለ መግዛት

ንግድ ማለት ርካሽ ዕቃ መግዛት ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን የሚያህል ዕቃ መግዛት ነው። በርካሽ የተገዛ መጥፎ ዕቃ ከመደርደሪያ ሳይወርድ ገንዘብ ያስራል፤ በስሙ ብቻ በውድ የተገዛ ዕቃም እንዲሁ ገንዘብ ያስራል። ይህ ሕግ በጤፍም፥ በማርም፥ በጨርቅም የታወቀ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ ላይ ነው። ምክንያቱም አንዱ ጠርሙስ በጥቂት ዩሮ ሲሸጥ፥ በመልክና በልክ ከእርሱ የማይለይ ሌላው ጠርሙስ በብዙ መቶ ዩሮ ይሸጣል። በዚህ ሰፊ ልዩነት መካከል ነጋዴው የሚከስርበትም የሚያተርፍበትም ስፍራ አለ።

ጉዳዩን ዛሬ መመርመር የሚያሻበት ምክንያት አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በ2022 መንግሥት የውጭ ምንዛሪን ለመቈጠብ ሲል 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ መተማመኛ ሰነድ እንዳይገቡ ሲከለክል የአልኮል መጠጦችም ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። በሐምሌ ወር 2024 ክልከላው ተነሣ፤ በዚያው ጊዜም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይገዛ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ አስመጪው በምርጫው የሚሳሳተው ስሕተት ከቀድሞው እጥፍ ያህል ዋጋ ያስከፍለዋል ማለት ነው። ስሕተቱም በአስመጪው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በጅምላ ሻጩ በኩል አልፎ እስከ ክፍለ ሀገር ባለሱቅና ባለሆቴል ድረስ ይወርዳል።

1ኛ፤ ነጋዴው አስቀድሞ የሚያውቀው ትምህርት

የምሥራቅ ጐጃም ነጋዴ፥ በአማኑኤል ገበያም ሆነ በቢቸናና በሞጣ፥ ጤፍ ሲገዛ በተነገረው ስም ብቻ አይረታም። እጁን ወደ ጆንያው አግብቶ እህሉን ይዘግናል፤ ንጣቱን፥ የፍሬውን ሙላት፥ አፈርና ገለባ መኖር አለመኖሩን ይመለከታል፤ ከየትኛው መሬት እንደ መጣና በየትኛው ዓመት እንደ ታጨደ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ገበያ የአዳ ማኛ ጤፍ ስሙ የገነነ ስለ ሆነ ስሙ ራሱ ዋጋ ይጨምራል፤ ከቢቸና ጥቁር አፈር የሚወጣ ነጭ ጤፍ ግን በምጣድ ላይ ከእርሱ የማያንስ ሆኖ ሳለ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ይህን ያወቀ የእህል ነጋዴ ትርፉን ያገኘው ከዚሁ ልዩነት ነው።

ማር የሚገዛም ሰው የጥቅምትና የኅዳርን ማር ከሌላው ወቅት ማር ለይቶ ያውቃል፤ ዝናቡ የተስተካከለበትን ዓመት አበባው ከከዳበት ዓመት ይለያል። ከዚህም በላይ አንድ ዓይነት ማር ከሁለት ጠጅ ጣዮች እጅ ሲገባ ሁለት ዓይነት ጠጅ እንደሚሆን የማያውቅ የለም።

እንግዲህ የወይን ጠጅም ጥራት የሚወጣው ከእነዚሁ ከሦስቱ ነው፤ ይኸውም ከመሬቱ፥ ከመከሩ ዓመትና ከጠማቂው ሙያ ነው። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአራተኛው፥ ማለትም ከስሙ ነው። ሦስቱ ተሟልተው ስሙ ገና ያልገነነበትን ወይን ጠጅ የሚፈልግ ነጋዴ ለገንዘቡ የሚገባውን ያገኛል።

2ኛ፤ ስምና ደረጃ እንዴት እንደ ተሠራ

በፈረንሳይ ከታወቁት የወይን አገሮች ሁሉ ስሟ የገነነው ቦርዶ ናት። በ1855 በንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን 3ኛ ዘመን በፓሪስ ለተዘጋጀው ታላቅ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት የከተማውን የወይን ጠጅ ደላሎች ዝርዝር እንዲያቀርቡ ጠየቃቸው። ደላሎቹም ስመ ጥር የሆኑትን የቀይ ወይን እርሻዎች በአምስት ደረጃ ከፍለው አቀረቡ። በአንደኛው ደረጃ ላይ ላፊት፥ ላቱር፥ ማርጎና ኦ ብሪዮን ተቀመጡ። ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ደረጃ ወደ አንደኛ ከመውጣቱ በቀር ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም።

ነጋዴ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፥ ደላሎቹ ደረጃውን የሰጡት ጠርሙስ ከፍተው በመቅመስ አይደለም፤ እያንዳንዱ እርሻ ለብዙ ዓመታት በገበያ ያወጣውን ዋጋ መዝገብ በማየት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የ19ኛው መቶ ዓመት የገበያ ዋጋ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፥ ደረጃው የተሰጠው ለእርሻው ስም እንጂ ለመሬቱ ድንበር ስላልሆነ፥ ባለቤቱ መሬት ቢሸጥም ቢገዛም ደረጃው ከስሙ ጋር ይኖራል። በዚህም ምክንያት አምስተኛ ደረጃ ላይ የተመደበው ላንሽ ባዥ ዛሬ በገበያ ከደረጃው እጅግ የላቀ ዋጋ ያወጣል። ገበያው ራሱ የድሮውን ዝርዝር ያርመዋል ማለት ነው።

ከዚህ ዝርዝር ውጭ የቀሩት መልካም እርሻዎች ደግሞ ክሩ ቡርዥዋ በሚባል ስም ይጠራሉ። የእነዚህም የመጀመሪያ ዝርዝር በ1932 ሲወጣ የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት በሥራው ተካፋይ ነበር፤ 444 እርሻዎችም ተመዝግበውበት ነበር። ከ2020 ወዲህ ስያሜው በሦስት ማዕረግ የተከፈለ ሲሆን በየአምስት ዓመቱ እየታደሰ ይሰጣል። የወይን ጠጁም ሳይቀመስ ስያሜው አይሰጥም። ለአስመጪ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መሬቱ ከታላላቆቹ ጋር ጐረቤት፥ ፍተሻው የቅርብ ጊዜ፥ ዋጋው ግን ከእነርሱ እጅግ ያነሰ ነው።

3ኛ፤ ከታላቁ ስም አጠገብ ያለው ጐረቤት

ፖመሮል የሚባለው የቦርዶ ቀበሌ የፔትሩስ አገር ስለ ሆነ ዋጋው ሰማይ የነካ ነው። ባርባን ከምትባለው ትንሽ ወንዝ ማዶ ግን ላላንድ ደ ፖመሮል አለ፤ በዚያም የሚተከለው በአብዛኛው ያው ሜርሎ የሚባለው የወይን ዘር ነው፤ ዋጋው ግን ከፖመሮል ጋር አይወዳደርም። በሳንቴሚልዮን አጠገብ የሚገኙት ካስቲዮንና ፍሮንሳክም እንዲሁ ናቸው።

በሮን ወንዝ ሸለቆ ሻቶነፍ ዱ ፓፕ ስሙ የታወቀ ነው፤ ጐረቤቶቹ ዢጎንዳስ በ1971፥ ቫኬራስ በ1990፥ ኬራን በ2016 የራሳቸውን ሕጋዊ የቦታ ስም አግኝተዋል። አንድ ቀበሌ ይህን ስም ካገኘ በኋላ ዋጋው ቀስ በቀስ ስለሚወጣ፥ አስቀድሞ የተወዳጀ አስመጪ ይጠቀማል።

ከቡርጎኝ በስተ ደቡብ ባለችው በቦዦሌም ጋሜ የሚባል የወይን ዘር ይበቅላል። የቡርጎኝ መስፍን ፊልጶስ በ1395 ይህን ዘር ከግዛቱ እንዲነቀል አዝዞ ነበር፤ የዘሩ ስም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተዋርዶ ቆየ። ዳሩ ግን ሞርጎን፥ ፍለሪና ሙላን አ ቫን ከሚባሉት ቀበሌዎች የሚወጣው ወይን ጠጅ ከብዙ ውድ ወይን ጠጆች ጋር ሊቀርብ የሚችል ነው፤ ሰው በስሙ ስለሚንቀው ብቻ ዋጋው አልናረም።

4ኛ፤ የጠማቂው ሙያ

በቡርጎኝ ክሎ ደ ቩዦ የሚባል በግንብ የታጠረ የወይን እርሻ አለ። ስፋቱ 50 ሄክታር ያህል ሲሆን 80 ገደማ ባለቤቶች ተከፋፍለውታል። አጥሩ አንድ፥ ስሙም አንድ ነው፤ ወይን ጠጁ ግን እንደ ባለቤቱ ትጋት ይለያያል። እንግዲህ ስሙን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ከሰማንያው የትኛውን እንደ ገዛ አያውቅም። አስመጪ የጠማቂዎችን ስም በመዝገብ ይዞ፥ ከዓመት ዓመት ሥራቸውን እየተከታተለ፥ በትንሽ ቀበሌ የሚሠራውን ትጉህ ጠማቂ በትልቅ ቀበሌ ከሚሠራው ቸልተኛ አብልጦ ሊመርጥ ይገባዋል።

ታላላቅ እርሻዎች ከወጣት ተክልና ለዋናው ካልተመረጠ በርሜል ሁለተኛ ወይን ጠጅ አዘጋጅተው በሌላ ስም ይሸጣሉ። ይህ በመሠረቱ ጥሩ ዕድል ነው፤ ያው መሬትና ያው ጠማቂ በቀነሰ ዋጋ ይገኛልና። ሆኖም የላፊት ሁለተኛ የሆነው ካሩአድ እንደ ታላቅ ወንድሙ በስሙ ብቻ ስለሚፈለግ ዋጋው ከብዙ ሌሎች እርሻዎች ዋና ወይን ጠጅ በላይ ወጥቷል። ጥቅሙ የሚገኘው መጠነኛ ስም ካላቸው እርሻዎች ሁለተኛ ወይን ጠጅ ነው።

5ኛ፤ የመከሩ ዓመት

በቦርዶ 2009፥ 2010፥ 2015፥ 2016፥ 2019 እና 2022 የተመሰገኑ ዓመታት ናቸው። 2013 ቀዝቃዛና ዝናባማ ነበር፤ በ2017 ደግሞ በሚያዝያ ወር የወረደ ውርጭ ብዙ ተክል አቃጠለ። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። በመልካም ዓመት ትንሹም እርሻ ጥሩ ስለሚያመርት ትንሹን ስም መግዛት ያዋጣል፤ በደካማ ዓመት ግን በጠማቂው ሙያ መታመን ያሻል፤ ስለዚህ ከተፈተነ እጅ ብቻ መግዛት ይገባል።

ገበያውም የራሱ ወቅት አለው። በቦርዶ ታላላቅ እርሻዎች ወይን ጠጁ ገና በበርሜል ሳለ፥ ከመከሩ ቀጥሎ ባለው ጸደይ፥ በቅድሚያ ይሸጡታል፤ ጠርሙሱ የሚደርሰው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። የ2019 መከር በ2020 ለሽያጭ ሲቀርብ በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ እርሻዎች ዋጋ ቀንሰው ነበር፤ ዓመቱ ግን ከመልካሞቹ አንዱ ነበር። ሆኖም ገንዘብን ለሁለት ዓመት ማሰር ለኢትዮጵያ አስመጪ ከባድ ስለ ሆነ፥ በጠርሙስ ተሞልቶ የተዘጋጀውን መግዛት ይሻለዋል። በቀይ ወይን ጠጅ ፍላጎት መቀነስ ምክንያት በቦርዶ ከ2023 ጀምሮ በመንግሥት ድጋፍ ብዙ ሺህ ሄክታር የወይን ተክል ተነቅሏል። ይህ ለገበሬው መከራ ነው፤ ለገዢው ግን፥ በተለይ ከመካከለኛ እርሻዎች ሲገዛ፥ ዋጋ የሚነጋገርበትን ኃይል ይሰጠዋል።

6ኛ፤ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስለ ማንበብ

በ1935 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ የቦታን ስም ከአስመሳይ የሚጠብቅ ነው። በጠርሙስ ላይ አፔላስዮን የሚለው ቃል ከቦታ ስም ጋር ሲጻፍ ወይኑ ከዚያ ቦታ መምጣቱንና በቦታው ደንብ መሠረት መሠራቱን ያረጋግጣል። እንደ ልማዱ፥ ቦታው እየጠበበ ሲሄድ ዋጋው ይጨምራል፤ ቦርዶ ብቻ ከሚለው ይልቅ ኦ ሜዶክ፥ ከዚያም ይልቅ ፖይያክ የሚለው ይወደዳል።

በሌላ ወገን ብዙ ያማሩ ቃላት ደረጃን አያመለክቱም። «ግራን ቫን ደ ቦርዶ» የሚለው ጽሑፍ በራሱ ማዕረግ አይደለም፤ «ቪዬይ ቪኝ» ማለት ያረጀ ተክል ማለት ቢሆንም ስንት ዓመት እንደሆነ በሕግ አልተወሰነም፤ «ኩቬ ፕሬስቲዥ» የሚለውም የሻጩ ምርቃት ነው። «ሚዝ አን ቡቴይ ኦ ሻቶ» የሚለው ግን በእርሻው ላይ በጠርሙስ መሞላቱን ስለሚያስረዳ ሊፈለግ የሚገባው ነው። በወርቅ ቀለም የተጻፈና የከበደ ጠርሙስም ጥራትን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው የመርከቡ ኪራይ በክብደት እንደሚጨምር ነው።

7ኛ፤ የዋጋው ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል ጠርሙሱ፥ ቡሹ፥ ወረቀቱ፥ ካርቶኑና ማጓጓዣው በአንድ ላይ 3 ዩሮ ይፈጃል እንበል። ይህ ወጪ ለርካሹም ለውዱም ያው ነው። ጠቅላላው 4 ዩሮ የሚፈጀው ጠርሙስ በውስጡ የያዘው የ1 ዩሮ ወይን ጠጅ ብቻ ነው፤ 7 ዩሮ የሚፈጀው ግን የ4 ዩሮ ወይን ጠጅ ይይዛል። ገዢው ዋጋውን እጥፍ ሳያደርስ በውስጡ ያለውን አራት እጥፍ አድርጎታል። ስለዚህ እጅግ ርካሹ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ውድ ነው።

ዋጋው ከዚህ በላይ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር፥ ማለትም 300 ጠርሙስ ይይዛል። አዲሱ የባሉጥ በርሜል 900 ዩሮ ቢገዛ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የሚደርሰው 3 ዩሮ ነው። የእርሻውን፥ የለቀማውንና የማስቀመጡን ወጪ ቢጨምሩበትም በመቶ የሚቈጠር ዩሮ አይሞላም። የቀረው የስምና የብርቅነት ዋጋ ነው። የስም ዋጋ ሐሰተኛንም ይጠራል፤ በ2013 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ርካሽ ወይን ጠጅ በታዋቂ ስም ጠርሙስ እየሞላ የሸጠ ነጋዴ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ለኢትዮጵያ አስመጪ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የጉምሩክ ቀረጥ፥ ኤክሳይዝ ታክስ፥ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ በየተራ በግዢው ዋጋ ላይ ስለሚደራረቡ፥ ቦርዶ ላይ ለስም ብቻ የተከፈለ አንድ ዩሮ አማኑኤል ሲደርስ እየተባዛ ይደርሳል። በክፍለ ሀገር ሆቴል ለሚሸጥ ዕቃ ይህ ትርፍ ወጪ ከደንበኛው ኪስ በላይ ይሆናል።

8ኛ፤ ጉዞ፥ ማስቀመጫና የደንበኛው ማዕድ

ጥሩ ወይን ጠጅ ተገዝቶ በመንገድ ከተበላሸ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። ጅቡቲ በበጋዋ ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ወይን ጠጅን ያለ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ማስገባት አያዋጣም። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ወጣ ብሎ ከታየ ወይም ካፈሰሰ፥ ሙቀት እንዳገኘው ምልክት ስለ ሆነ ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት ሊመረምር ይገባዋል። የጐጃም ደጋ ግን ለማስቀመጥ ምቹ ነው፤ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ የሚሆን፥ ብርሃን የማይገባበት ጓዳ ተመርጦ ባለቡሽ ጠርሙሶች በአግድም ቢቀመጡ ያለ መኪና ቅዝቃዜ ይቈያሉ። ጠርሙሱን በመስኮት ዳር አቁሞ ፀሐይ የሚያስመታ ባለሱቅ ግን ራሱን ይጐዳል።

ደንበኛው ወይኑን ከምን ጋር እንደሚጠጣም ማሰብ ያሻል። ገና ያልበሰለ የቦርዶ ወይን ጠጅ አፍን የሚያደርቅ ታኒን ስላለው ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ይመርራል፤ ለስለስ ያለው የቦዦሌ ወይም የሮን ወይን ጠጅ ከጥብስና ከቅልጥ ወጥ ጋር ይሻላል። ዋጋው ያነሰው ለማዕዱ የሚስማማው ሆኖ ሲገኝ ለነጋዴው ሁለት ጊዜ ትርፍ ነው። ዕቃውም ለገናና ለጥር ሠርግ፥ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ላለው የሠርግ ወራት እንዲደርስ መታዘዝ ይኖርበታል፤ በዐቢይ ጾም ዋዜማ የገባ ወይን ጠጅ 55 ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣልና።

9ኛ፤ በአገር ውስጥ ያለው መመዘኛ

መቀሌ፥ ጐንደርም ሆነ አማኑኤል ያለ ባለሱቅ ወደ ቦርዶ ሄዶ ለመቅመስ አይችልም፤ መመዘኛ ግን በእጁ አለ። የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ የፈረንሳይን የወይን ተክል አምጥቶ በዝዋይ፥ በዛሬው ባቱ፥ ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ አቅርቧል። ሜርሎ፥ ካበርኔ ሶቪኞንና ሲራ የሚባሉት የቀይ ወይን ዘሮች በዚያ ይበቅላሉ። የቈየው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካም ጉደርን ለገበያ ያቀርባል።

ባለሱቁ የፈረንሳይ ወይን ጠጅ ሲቀርብለት አንዱን ጠርሙስ ገዝቶ፥ ከዝዋዩ ሜርሎ ጋር ጐን ለጐን፥ ስሙ ተሸፍኖ፥ ከሁለት ከሦስት ደንበኞች ጋር ይቅመስ። የፈረንሳዩ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆኖ ቅምሻው ልዩነት ካላሳየ፥ ልዩነቱ በጠርሙሱ ላይ ባለው ወረቀት ብቻ ስለ ሆነ ካርቶኑን መልሶ መስጠት ይሻላል። ልዩነቱ በግልጽ ከታየ ግን ደንበኛው ራሱ ስለ ዋጋው ምስክር ይሆናል። ጅምላ ሻጩም ቢሆን ለክፍለ ሀገር ደንበኛው ሙሉ ካርቶን ከመላኩ በፊት የተለያዩ ጠርሙሶች የተቀላቀሉበት ካርቶን ቢልክለት የተሻለ ገበያ ያገኛል።

እንግዲህ አስመጪው ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቅ፤ መሬቱ የየት ነው? ዓመቱ እንዴት ነበር? ጠማቂው ማን ነው? ለስሙ ብቻ የሚከፈለው ስንት ነው? ባለሱቁም እነዚሁኑ ጥያቄዎች ለአስመጪው ያቅርብ። ጤፍ በሚገዛበት ጥንቃቄ ወይን ጠጅን የሚገዛ ነጋዴ የታወቀ ስም ባይኖረው እንኳ፥ በደንበኛው ዘንድ መልካም ዕቃ የሚገኝበት ሱቅ ተብሎ መታወቁ አይቀርም።